ሰርቨሩ ደብረ ብርሃን፣ ቅጂው የት ይደር?

ባለፈው ክረምት አንድ የመድኃኒት ጅምላ ሻጭ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሰርቨሩ አልነሳ አለ። ግን አትጨነቅ፣ ባክአፕ አለን» አሉኝ። እኔም ሳልጨነቅ ሻዬን ጨርሼ ሄድኩ። ስደርስ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) የተባለው ከሰርቨሩ፣ የድርጅቱን ዳታ ከሚይዘው ዋና ኮምፒውተር፣ ጀርባ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ኤክስተርናል ዲስክ ነው። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁለቱንም ጠብሷቸዋል። የሦስት ዓመት ሽያጭ፣ የዱቤ መዝገብ፣ የመድኃኒቶቹ የማብቂያ ቀን ዝርዝር፣ ሁሉም ሄደ። ሁለት ሠራተኞች ከደረሰኝ ጥራዝ ላይ እየገለበጡ መልሰው ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀባቸው። ዱቤ ከወሰዱት ደንበኞች መካከል «ዕዳ አለብኝ» ብሎ የመጣ ግን እምብዛም ነው።

እዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባክአፕ የሌለው ድርጅት ብዙም አላጋጠመኝም። የሚያጋጥመኝ ቅጂውም ዋናውም አንድ ቤት የሚያድሩበት ድርጅት ነው። ስለዚህ የማወዳድረው ሌላ ቤት የሚያድር፣ በየቀኑም ሰው ሳያስታውሰው ራሱ የሚሄድ ቅጂ ነው።

ከዋጋው በፊት

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ በጥያቄ እመልሳለሁ። ዛሬ ማታ ሰርቨሩ ቢቃጠል የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋባችሁ ትችላላችሁ? ስንት ቀንስ ዘግታችሁ ልትቆዩ ትችላላችሁ? የመጀመሪያው መልስ ቅጂው በስንት ጊዜ አንዴ ይወሰድ የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው ቅጂው የት ይቀመጥ የሚለውን ይወስናል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አስቦ ይገዛል። ኋላ የሚያስለቅሰው ግን ሁለተኛው ነው።

ለምን? ሒሳቡን እንሥራው። 500 ጊጋባይት ዳታ አለን፣ ቅጂውንም በኢንተርኔት ወደ ክላውድ፣ ማለትም ሌላ ድርጅት ወደሚያከራየው ማስቀመጫ፣ እንልካለን እንበል። መስመራችን ሲልክ እውነተኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ነው እንበል (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው)። ሌት ተቀን ሳይቆረጥ ቢሠራ እንኳ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ 9 ቀን ከሩብ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የሚሄደው በየቀኑ የተለወጠው ብቻ ነው። ያ 2 ጊጋባይት ቢሆን ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ሌሊት ማንም ሳያየው ይሄዳል። እስከዚህ ጥሩ ነው።

አሁን ግን ሰርቨሩ ተቃጠለ። ያን 500 ጊጋባይት ማውረድ አለባችሁ። መስመሩ ሲቀበል 10 ሜጋቢት ቢሰጥ 4 ቀን ተኩል ያልፋል። መብራት ቢጠፋ፣ መስመር ቢቆራረጥ፣ ሳምንት ነው። ክላውድ ሻጮች ይህን አይነግሯችሁም። ሲልክ ያለውን ምቾት ነግረዋችሁ ይሄዳሉ።

ስለዚህ ውል ከመፈራረማችሁ በፊት መስመራችሁን ለኩ። የተጻፈውን ሳይሆን የሚሰጠውን። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንዴ። የሁለቱ ልዩነት ራሱ ብዙ ይነግራችኋል።

ዲስክ በሚኒባስ

አትሳቁ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። 500 ጊጋባይት የያዘ ዲስክ ቦርሳችሁ ውስጥ ከትታችሁ በሦስት ሰዓት ብትደርሱ፣ በሰከንድ 370 ሜጋቢት ገደማ ልካችኋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መስመር ያለው ድርጅት እዚህ አላየሁም።

ትልልቆቹም በዚህ መንገድ ተርፈዋል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ቫይረስ ሜርስክን፣ ያንን ግዙፍ የመርከብ ድርጅት፣ ሲመታው ወደ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ መጫን ግድ ሆኖበታል። ሠራተኞች ወደ ኮምፒውተራቸው የሚገቡበትን ፓስወርድ የሚቆጣጠሩት ሰርቨሮች በየአገሩ እርስ በርሳቸው እየተገለባበጡ ስለነበር አንዱ ሲጠፋ ሁሉም ጠፉ። የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ጋና ውስጥ ነበር። ለምን ተረፈ? በዚያች ሰዓት መብራት ጠፍቶበት ስለነበር! ዳታውን በኢንተርኔት እንላከው ሲሉ የጋናው መስመር ቀናት የሚፈጅ ሆነ። በመጨረሻ ዲስኩን ሰው ይዞት በአውሮፕላን ሄደ። መብራት ኃይልን በምናማበት አገር ይህን ታሪክ ማውራት ደስ ይለኛል።

የሚኒባሱ መንገድ ደካማ ጎኑ ግን ግልጽ ነው። ሰው ያስፈልገዋል። ሰው ደግሞ ይረሳል፣ ይታመማል፣ ሠርግ ይሄዳል። መጀመሪያ ሳምንት በየዓርቡ ይላካል። በሦስተኛው ወር «የሚቀጥለው ሳምንት» ይባላል። መንገድ ሲዘጋም አለቀ። ስለዚህ ለብቻው ባክአፕ አልለውም። ለመጀመሪያው ሙሉ ቅጂና ለወር አንዴ መጠባበቂያ ግን ከእሱ የሚወዳደር የለም። አንዳንድ ክላውዶችና ብዙ የናስ መሣሪያዎች የመጀመሪያውን ቅጂ በዲስክ ወስዶ ከዚያ ለውጡን ብቻ በመስመር መላክ ይፈቅዳሉ። ናስ ስል የሚያብረቀርቀውን ብረት አይደለም፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስክ የሚይዘውን ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝ ማስቀመጫ ሣጥን ነው።

ስለ ዲስክ ካነሳን አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ማንበቢያ ራስ በሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ለዚህ ነው አምራቾች ለብዙዎቹ ዲስኮች በሥራ ላይ እያሉ 3,048 ሜትር ከፍታን ወሰን አድርገው የሚጽፉት። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ለጥቂት እናልፋለን። መንዝ ያለው መሐል ሜዳ ግን ከ3,000 በላይ ነው። መንዝ ላይ ቢሮ ያላችሁ ሰዎች ኤስኤስዲ ግዙ። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ከፍታው ያን ያህል አያስጨንቀውም። ደግሞ ከደብረ ብርሃን ብርድ አውጥታችሁ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ያወረዳችሁትን ዲስክ ወዲያው አትሰኩት። ጠል ያዝላል። አንድ ሁለት ሰዓት ይሙቅ።

ሁለተኛ ቅርንጫፍ ላለው

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ አልደብቅም።

ብዙ የአካባቢያችን ነጋዴ ደብረ ብርሃን ዋና መደብር፣ ሸዋ ሮቢት ወይም አረርቲ ቅርንጫፍ አለው። ያኛው ቅርንጫፍ ውስጥ ናስ ወይም አንድ ደህና አሮጌ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ነው። ሁለቱን ቦታ በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ በሚያልፍ የተዘጋ መስመር፣ ማገናኘት። ከዚያ በየሌሊቱ ለውጡ ይሄዳል። ወርሃዊ ኪራይ የለም። ዶላር የለም። ደብረ ብርሃን ቢቃጠል ጣርማ በርን ወርዳችሁ፣ መሣሪያውን መኪና ላይ ጭናችሁ ትመለሳላችሁ። ወደ 95 ኪሎ ሜትር ነው። ክረምት ላይ የጣርማ በር ጉም ካልያዛችሁ በዚያው ቀን ሥራ ትጀምራላችሁ። ከላይ ያየነው የ4 ቀን ተኩል ማውረድ እዚህ የለም።

ፈተናው ምንድን ነው? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። ሸዋ ሮቢት ያለው ሣጥን ከጠፋ የሚደውልላችሁ ድርጅት የለም። ጥበቃው የሻይ ማፍያውን ለመሰካት ብሎ ነቅሎት ለ20 ቀን ያደረ አይቻለሁ። ስለዚህ ባክአፑ ሳይሠራ ሲቀር ብቻ ሳይሆን ሲሠራም በየቀኑ መልእክት ይላክላችሁ። ዝም ያለ ባክአፕ ደህና ነው ብላችሁ አታስቡ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ራንሰምዌር፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ፣ ሰርቨሩ ውስጥ ከገባ ሰርቨሩ የሚደርስበትን ሁሉ ይደርስበታል። ሰርቨሩ ቅጂውን የመሰረዝ ሥልጣን ካለው ሌባውም አለው። መፍትሔው አቅጣጫውን መገልበጥ ነው። ሰርቨሩ ቅጂውን ወደ ቅርንጫፉ አይላክ፤ የቅርንጫፉ ማሽን መጥቶ ይውሰድ። ወይም ደግሞ መጨመር እንጂ መሰረዝ በማይፈቅድ አሠራር ይቀመጥ። ሬስቲክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ከራሱ የቅጂ ሰርቨር ጋር ይህን ይችላል። የቅርንጫፉ ማሽን ፓስወርድም ከዋናው ሰርቨር ፓስወርድ የተለየ ይሁን። ይህን ሁልጊዜ እናገራለሁ፤ ሁልጊዜም አንድ ፓስወርድ አገኛለሁ።

አዲስ አበባ ያለ ክላውድ

ቅርንጫፍ ለሌለው ቀጥሎ የማየው ይህን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም አገልግሎት ይሰጣል። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ድርጅቶች የዳታ ማዕከል አላቸው። ሦስት ጥቅም አለው። በብር ትከፍላላችሁ። ዳታው ከአገር አይወጣም። የመጨረሻው ደግሞ ለእኔ ትልቁ ነው፤ ችግር ሲመጣ ዲስክ ይዛችሁ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ዳታችሁን በእጃችሁ መቀበል ትችሉ ይሆናል። «ይሆናል» ያልኩት በውሉ ላይ ካልተጻፈ ስለማይፈቀድ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት «ዳታዬን በዲስክ ገልብጣችሁ ትሰጡኛላችሁ? በስንት ሰዓት? በስንት ብር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የሻጩ ፈገግታ ሰነድ አይደለም።

አንዳንዱ አገልግሎት ደግሞ ባዶ ኮምፒውተር አከራይቶ «ክላውድ ባክአፕ» ይለዋል። እሱ ማስቀመጫ ብቻ ነው። የቆዩ ቅጂዎችን ማን ይይዛል? የዛሬ ወር የነበረውን ፋይል መመለስ ይቻላል? ዛሬ የተበላሸ ፋይል ትናንት ጥሩ በነበረው ላይ ከተጻፈበት ምን ዋጋ አለው? ቢያንስ የ30 ቀን ዕለታዊ ቅጂና የ12 ወር ወርሃዊ ቅጂ ይኑር። የሒሳብ ሰነድ ከሆነ ከዚያም በላይ፤ የግብር ኦዲተር የሚጠይቀው ያለፈውን ሳምንት አይደለም።

ውጭ አገር ያለ ክላውድ

በዋጋ ርካሽ ነው። ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ ክላውድ ድርጅት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዋጋውን ሲጨምር እንኳ ለአንድ ቴራባይት በወር 6 ዶላር ነበር ያደረገው። በዚያ ዋጋ የእኛ 500 ጊጋባይት በወር 3 ዶላር ማለት ነው። የኮርኒስ አምፖል ዋጋ! የአማዞን ጥልቅ ማኅደር (ዲፕ አርካይቭ) ደግሞ ከዚያም በታች ነው፤ ለቴራባይት በወር 1 ዶላር ገደማ። ግን ቆም በሉ። ከጥልቅ ማኅደሩ ፋይል ለማውጣት ጠይቃችሁ በተለመደው መንገድ እስከ 12 ሰዓት የሚደርስ ጊዜ ትጠብቃላችሁ። ቀድማችሁ ብትሰርዙት እንኳ ቢያንስ 180 ቀን ያቆያችሁት ያህል ያስከፍላል። ሲወጣም በጊጋባይት ሌላ ክፍያ አለ። ባክብሌዝ ካስቀመጣችሁት 3 እጥፍ እስኪሆን ድረስ በወር በነጻ ያስወጣል። ርካሽ ማስገቢያ፣ ውድ መውጫ የሆነውን ለይቶ ማወቅ ይበጃል። የአማዞን ቅርብ የአፍሪካ ጣቢያ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኬፕታውን አለ።

የመሰረዝ መቆለፊያም አላቸው። ቅጂውን ለ30 ቀን ከቆለፋችሁት እናንተም ራሳችሁ አትሰርዙትም። ለራንሰምዌር ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላየሁም። አገር ውስጥ ያለ አቅራቢም ይህ እንዳለው ጠይቁት።

እዚህ አካባቢ የሚሰናከለው ክፍያው ላይ ነው። የውጭ ምንዛሪ የተጫነበት ካርድ ያስፈልጋል። ካርዱ ያለፈበት ወር አገልግሎቱ ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ዳታው ይሰረዛል። 3 ዶላር መክፈል አቅቶት የዓመታት ዳታ ያጣ ሰው ያሳዝናል። ሕጉም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍን በቅድመ ሁኔታ ያስረዋል። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ብድርና ቁጠባ የሆናችሁ ሰዎች የታካሚንና የደንበኛን መዝገብ ውጭ ከመላካችሁ በፊት ሕግ አዋቂ አማክሩ። የሲሚንቶ ሽያጭ ሒሳብ ከሆነ ነገሩ ይቀላል።

ደግሞ የመስመሩ ነገር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አልረሳም። ባክአፓቸውን በሲም ካርድ የሚልኩ ድርጅቶች በዚያ ጊዜ ምንም ቅጂ አልነበራቸውም። ሰርቨር ያለው ቢሮ የገመድ መስመር ያስገባ። የሞባይሉ መጠባበቂያ ይሁን።

ውጭ ስለሆነ አይቃጠልም ማለትም አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው የክላውድ ድርጅት የዳታ ማዕከል በእሳት ወድሟል። ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። የእኛ መድኃኒት ሻጭ ታሪክ ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው የሰፋው።

ባክአፕ ያልሆኑት

ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክ እዚህ የተለመደ ነው። የፒችትሪውን (የሒሳብ ፕሮግራሙን) ፋይል ማታ ማታ «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ የሚጥል የሒሳብ ሠራተኛ ስንት አለ! ከምንም ይሻላል፤ አልነቅፍም። ግን ፋይሉ ከ2 ጊጋባይት ሲያልፍ በነጻው አካውንት አይሄድም። ሠራተኛው ሲለቅ ዳታው ከስልኩ ጋር አብሮት ይሄዳል። የድርጅት ሚስጥር በግለሰብ አካውንት ውስጥ ማደሩም ሌላ ጣጣ ነው።

ጉግል ድራይቭን ከፎልደር ጋር ማመሳሰልም እንዲሁ። የተሰረዘው እዚያም ይሰረዛል። ሬይድም (ዳታውን በአንድ ጊዜ ሁለት ዲስክ ላይ የሚጽፈው አሠራር) ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ነው እንጂ የተሳሳተ ፋይል ሲጻፍ ሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል ይጽፈዋል።

በምን ይሠራ?

ሊኑክስ ከሆነ ሬስቲክ። የተለወጠውን ብቻ ይልካል። ከማሽኑ ሳይወጣ በፊት በቁልፍ ይዘጋዋል። መስመር ተቆርጦ ሲመለስ ቀድሞ የደረሰውን አይደግምም፤ ለእኛ መስመር የተፈጠረ ይመስላል። ዊንዶውስ ሰርቨር ከሆነ ቪም ጥሩ ነው። ነጻው ዕትም እስከ 10 ማሽን ድረስ ይፈቅዳል፤ ሙሉውን ሰርቨር ከነዊንዶውሱ መመለስ ይችላል። ትእዛዝ መጻፍ ለሚያስፈራው ዱፕሊካቲ በብራውዘር ይከፈታል። ሲኖሎጂ ናስ ከገዛችሁ ከናስ ወደ ናስ የሚልከው ፕሮግራም አብሮት አለ።

ፕሮግራሙ የቱም ይሁን አንድ ስህተት ሁሉም ይሠራዋል። እየሠራ ያለ ዳታቤዝ ፋይል እንደ ተራ ፋይል አይገለበጥም። ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሆኖ ይደርሳል። መጀመሪያ ዳታቤዙ ራሱ ቅጂውን አውጥቶ ፋይል ያድርግ፤ ከዚያ ያ ፋይል ይላክ። ፒችትሪም ቢሆን ሰው ሁሉ ዘግቶ ሲወጣ የራሱን ባክአፕ ይሥራ።

የእኔን ጥፋትም ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ የዘረጋሁት ባክአፕ ስምንት ወር ሙሉ በየማታው «ተሳክቷል» ይል ነበር። የዳታቤዙ ፓስወርድ ተቀይሮ ስለነበር ግን ሲላክ የኖረው ባዶ ፋይል ነው። በአጋጣሚ መጠኑን ሳይ 0 ኪሎባይት ይላል። ላቤ መጣ። ሰርቨሩ በዚያ ስምንት ወር ውስጥ ስላልሞተ ብቻ ነው ዛሬ ይህን ስጽፍ የማላፍረው። ጊትላብን የመሰለ የሶፍትዌር ድርጅት እንኳ በ2009 ዓ.ም. ዳታቤዙ በስህተት ሲሰረዝ የነበሩት አምስት ዓይነት የባክአፕ መንገዶች እንደታሰበው አለመሥራታቸውን ያወቀው በዚያች ሌሊት ነው።

ከዚያ ወዲህ በሦስት ወር አንዴ መልሰን እንሞክራለን። ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ሰርቨሩን ሳንነካ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ትቀመጥና ያለፈውን ወር የሽያጭ ድምር ትከፍታለች። ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ከተገናኘ አለ እንላለን። ሰዓቱንም እንመዘግባለን፤ ስንት ቀን መዝጋት እንችላለን ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መልስ እሱ ነው።

ታዲያ ለማን የቱ?

20 ጊጋባይት የማይሞላ ዳታ ያለው ሱቅ፣ ፋርማሲ ወይም ትንሽ ቢሮ ከሆናችሁ አገር ውስጥ ክላውድና ቢሮ ውስጥ ያለ አንድ ዲስክ ይበቃችኋል። ማውረዱም ግማሽ ቀን አይፈጅም። ቅርንጫፍ ያላችሁ ጅምላ ሻጮችና ወፍጮ ቤቶች በቅርንጫፍ ናስ ጀምሩ፤ የዳታቤዙን ትንሿን ፋይል ብቻ ክላውድ ላይ ጨምሩ። ራጅና አልትራሳውንድ የምታነሱ ክሊኒኮች ምስሉ ብዙ ስለሆነ ክላውድ አይገፋላችሁም። ቢሮ ውስጥ ናስ፣ ሌላ ቤት ሁለተኛ ናስ፣ የታካሚ መዝገቡ ብቻ በመስመር። ሆቴሎች ስለ ካሜራ ቀረጻ ይጠይቁኛል። ተዉት። ስለ እንግዳ መዝገቡና ስለ ሒሳቡ እናውራ።

መድኃኒት ሻጩ በመጨረሻ ሁለተኛ ናስ ገዙ። ሸዋ ሮቢት ያለች እህታቸው ቤት ተቀመጠ። የቁልፉን ፓስወርድ ወረቀት ላይ ጽፌ በሁለት ፖስታ አሸግኩት፤ ሬስቲክ ፓስወርዱ ከጠፋ እኔም ሆንኩ የሠሩት ሰዎች ልንከፍተው አንችልም። አንዱ ፖስታ ባንክ ገባ። ሁለተኛውን «የት ላድርገው?» ስላቸው ጋሼ ወደ ሰርቨሩ ክፍል አመለከቱ።

«እዚያ እንኳ አይሆንም» አልኳቸው።